ያለ ዋስ የወጣ ዕቁብ

ባለፈው እትም አንድ ወዳጃችን «ገበያ ራሱን ያክማል» በሚል ርእስ የጻፈውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ብዕሩ ስል ነው፤ አልክድም። ግን ስል ቢላዋ የያዘ ሁሉ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል ማለት አይደለም።

ወዳጃችን የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው። በ2021 እና በ2022 እንግሊዝ አገር ለየቤቱ ኤሌክትሪክና ጋዝ የሚሸጡ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ሲወድቁ ከረሙ። ይሁንና አንድ ቤት እንኳ ለአንድ ሌሊት አልጨለመም። ደካማው ወደቀ፣ ብርቱው ቆመ፣ ደንበኛው ከወደቀው ወደ ቆመው ተሻገረ። «ገበያ ማለት ይኸ ነው» ብሎ ነጥቡን አሳረፈ። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ደግሞ ካፌ ውስጥ ሌላው ተቀበለና፣ «ርካሽ ብለው የሄዱት ደንበኞችስ ቢሆኑ የእጃቸውን ነው ያገኙት፤ ኪሳራውን እነሱ ይቻሉት» አለ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

መብራቱ አልጠፋም፤ እውነት ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የኩራዙን ጋዝ ማን ገዛው?

(ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ነገሩ የእነሱ ነውና።)

በመጀመሪያ ጉዳዩን እንወቀው፤ ሳይገባን አንከራከር። እንግሊዝ አገር የጋዙ ሥራ በ1986፣ የኤሌክትሪኩ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለባለ አክሲዮኖች ተሸጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ እያንዳንዱ ቤት ሻጩን እንዲመርጥ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ከመጡት ሻጮች ብዙዎቹ ጋዝ አይቆፍሩም፤ ኤሌክትሪክ አያመነጩም። ሽቦው የሌላ ነው። ቧንቧውም የሌላ ነው። የእነሱ ሥራ ከጅምላ ገበያ ገዝቶ በችርቻሮ መሸጥ፣ ሒሳብ ማውጣትና ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ባጭሩ ነጋዴዎች ናቸው። ንግድ ነውር አይደለም። ግን ነጋዴም ነጋዴ አለው። አስተዋዩ የዓመቱን እህል በመኸር፣ ዋጋው ሲወርድ ሸምቶ ጎተራ ያስገባል። የማያስተውለው «ነገ ይረክስ ይሆናል» እያለ በየገበያው ቀን የዕለቱን ይሸምታል። ዋጋው ሲወርድ ከአስተዋዩ ይልቅ በርካሽ ይሸጣልና ደንበኛ ይጎርፍለታል። ዋጋው ሲወጣ ግን ጎተራው ባዶ ነው።

እዚህ ላይ የደንበኛው ገንዘብ ይመጣል። አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ በየወሩ እኩል ገንዘብ ከባንክ ሒሳቡ እየተቆረጠ ነው የሚከፍለው። በሙቀቱ ወራት ቤቱን ስለማያሞቅ የሚከፍለው ከሚጠቀመው ይበልጣል። ትርፉ በሻጩ እጅ ይጠራቀምና ብርዱ ሲገባ ይታሰብለታል። እንግዲህ መጸው ሲጠባ ኩባንያው በመቶ ሺሕ ከሚቆጠሩ ቤቶች አስቀድሞ የተቀበለውን ገንዘብ ይዞ ይቀመጣል። ወለድ የለበት፣ መያዣ የለበት፣ ጠያቂ የለበት!

ይኸ ነገር ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ዕቁብ አይደለም ወይ? ሰው በየሳምንቱ ያዋጣል፤ አንዱ የሁሉን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ ቀስ እያለ ይከፍላል። ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ምን ይባላል? «ዋስ አምጣ» ይባላል። የመርካቶ ቱጃርም ይሁን የመሥሪያ ቤት ተላላኪ፣ ያለ ዋስ ዕቁብ አይወጣም። ዳኛው ፊት አይቶ ያለ ዋስ ቢሰጥና ሰውየው ቢጠፋ፣ ዕቁብተኛው የሚይዘው ዳኛውን ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ያወቁትን ይህን ሕግ፣ በዓለም ላይ ስንት የኢኮኖሚክስ ሊቅ ያፈራችው አገር ሳታውቀው ቀረች ብላችሁ ትገምታላችሁ? ታውቀዋለች። ግን ተወችው።

የዚያ ዕቁብ ዳኛ ኦፍጀም የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በጁን 2022 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ ኦፍጀም ውድድር ይብዛ በማለት ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገውን መሥፈርት ዝቅ አድርጎት ኖሯል። በ2018 የሻጮቹ ቁጥር ወደ 70 ደረሰ። ለአዲስ ገቢዎች በሩን ጠበብ ያደረገው በ2019 ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንግዶቹ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ማዕዱን ጀምረው ነበር።

ቀጥሎ 2021 መጣ። ከወረርሽኙ በኋላ ዓለም በአንድ ጊዜ ነዳጅ ፈለገ። ያለፈው ብርድ የአውሮፓን የጋዝ ጎተራ አራቁቶት ነበር። ከሩሲያ የሚመጣውም ቀነሰ። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ ባሰበት። በጅምላ ገበያ ዋጋው ጣሪያ ሲነካ፣ በጎተራቸው ምንም ያላኖሩት ሻጮች እንደ ዶሚኖ ተከታትለው ወደቁ። ከጁላይ 2021 ወዲህ 29 ኩባንያዎች ወደቁ፤ ጉዳዩ የነካቸው ቤቶች ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከነዚያ ቤቶች መካከል ለንደን ያሉ የአገራችን ሰዎች ቤቶችም ይገኛሉ።

አሁን ወደ ኩራዙ ጋዝ እንመለስ። አንድ ሻጭ ሲወድቅ ኦፍጀም ደንበኞቹን ለሌላ ሻጭ ያስረክባል። ደንበኛው አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ አይጠፋበትም፤ ይታሰብለታል። ይኸ መልካም ሥርዓት ነው፤ ማንም ሰው በብርድ ወር በጨለማ ይቀመጥ የሚል ጭካኔ የለኝም። ነገር ግን ተረካቢው ሻጭ ለነዚህ አዲስ ደንበኞች ጋዙን የሚገዛው በዚያው ጣሪያ በነካው ዋጋ ነው። የወደቀው ኩባንያ ቀደም ብሎ በርካሽ የተዋዋለው ጋዝ ቢኖር እንኳ፣ ውሉ የኩባንያውና የአበዳሪዎቹ ሀብት ነው እንጂ ደንበኛውን ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ ተረካቢው «ከስሬያለሁ» ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀው ይፈቀድለታል። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በሽቦና በቧንቧ ኩባንያዎች በኩል ዞሮ፣ በአገሩ ባለ ቤት ሁሉ ሒሳብ ላይ ይጻፋል። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ያን ጊዜ ሲያሰላው 2.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ በየቤቱ ሲካፈል 94 ፓውንድ ገደማ ሆኖ አገኘው።

በዚህም አያበቃም። ሻጮቹ ለታዳሽ ኃይል ማበረታቻ የሚሆን ግዴታ አለባቸው። ወጪውን ከደንበኛው ዓመቱን ሙሉ በሒሳቡ ውስጥ እየሰበሰቡ፣ ለተቆጣጣሪው የሚያስረክቡት ግን ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። የወደቁት ሳያስረክቡ ወደቁ። የጎደለው ለቀሩት ሻጮች ተከፋፈለ፤ የቀሩት ሻጮች ደግሞ ከራሳቸው ኪስ አይከፍሉም። እንግዲህ ደንበኛው አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ካፌ ውስጥ የሳቃችሁት እስቲ አሁን ሳቁ!

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ገንዘቡ የተሰበሰበበት መንገድ ነው። ይህ ዕዳ የተጫነው ሰው በተጠቀመው መጠን አይደለም። በየቀኑ በሚቆጠር ቋሚ ክፍያ ላይ ነው። የኤሌክትሪኩ ቋሚ ክፍያ በኤፕሪል 2022 በቀን ከ25 ሳንቲም ገደማ ወደ 45 ሳንቲም ገደማ ዘለለ (ሳንቲም የምለው የእነሱን ፔንስ ነው)፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የወደቁት ኩባንያዎች ዕዳ ነው። ቋሚ ማለት ምን ማለት ነው? በአንዲት ክፍል አንዲት አምፖል አብርታ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታመሽ አሮጊትና፣ የዋና ገንዳውን ውሃ የሚያሞቅ ባለ ጸጋ ለዚያ ዕዳ በቀን እኩል ይከፍላሉ ማለት ነው። አስቀድሞ ተከፍሎበት የሚሠራ ቆጣሪ ያለበት ድሃ ደግሞ ገንዘብ አጥቶ ቤቱን አጨልሞ ቢከርም ቋሚ ክፍያው ይቆጥርበታል። ጥቂት ፓውንድ አግኝቶ ሲሞላ ቆጣሪው አስቀድሞ ያለፈውን ዕዳ ይውጥበታል። ወዳጄ «አንድ ቤት እንኳ አልጨለመም» ያልከው፣ ይህንን ቤት ቆጥረኸው ነው?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። አህያው ባለቤቱ ነው፤ ዳውላው ከፋዩ ነው።

እስቲ አሁን የተቃዋሚዎቼን መከላከያ አንድ በአንድ ልያዘው፤ ሸሸ እንዳልባል።

አንደኛ፣ «ርካሹን የመረጡ ደንበኞች ቁማር ተጫወቱ፤ ይክፈሉ» ይባላል። ቁማርተኛ ማለት ካርታውን የሚያይ ሰው ነው። ደንበኛዋ የኩባንያውን ጎተራ ገብታ ማየት ትችላለች ወይ? ስንት ጋዝ አስቀድሞ እንደ ገዛ የሚነግራት አለ ወይ? ያየችው መንግሥት የሰጠውን ፈቃድ ነው። የሰማችውም «ሻጭ ቀይሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ» የሚለውን የዚያኑ መንግሥትና የዚያኑ ተቆጣጣሪ ምክር ነው። የተመከረችውን ስላደረገች ነው ጥፋተኛ የምትሆነው? ደግሞስ መብራትና ሙቀት እንደ ሐር ጨርቅ ይቅርብኝ የሚባል ዕቃ አይደለም። በዚያ ላይ ይህ ክርክር በሥራም አልታየም። ከድሮ ሻጯ ጋር ሃያ ዓመት የኖረች፣ ርካሽ ያልፈለገች ሴትም እኩል ከፍላለች። ታዲያ የእሷ ቁማር የቱ ነበር?

ሁለተኛ፣ «ኩባንያዎቹን የገደላቸው መንግሥት በ2019 ያወጣው የዋጋ ጣሪያ ነው» ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ አልክደውም። ጣሪያው ያን ጊዜ የሚከለሰው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ የጅምላው ዋጋ ግን በየቀኑ ይወጣ ነበር። ሆኖም ጣሪያው ድንገት ከሰማይ የወረደ መብረቅ አልነበረም። ሁለት ዓመት ከግማሽ አብረውት ኖረዋል። አሠራሩን አውቀው፣ ለዚያው ወቅት የሚሆነውን ጋዝ አስቀድመው የገዙ ሻጮች በዚያው ጣሪያ ሥር ቆመው አልፈዋል። ዝናብ ሁሉንም ይመታል፤ የሚፈርሰው ግን መሠረት የሌለው ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ «ባለቤቶቹ ገንዘብ አስይዙ ቢባሉ ትንንሾቹ አይገቡም፤ ገበያው ለጥቂት ትላልቆች ይቀራል» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው መከላከያ ነው። አዎን፣ የሻጮቹ ቁጥር ያንሳል። ዋጋውም በደጉ ዘመን ትንሽ ከፍ ይል ይሆናል። ግን ያ የቀድሞው ርካሽ ዋጋ እውነት ርካሽ ነበር ወይ? ልዩነቱ ከነገ ላይ የተበደሩት ነበር፤ ነገ ሲመጣ ለሁሉም ቤት ተከፋፈለ። በራሱ ገንዘብ የሚወዳደር ይወዳደር፤ አበጀህ እለዋለሁ። በሰው ገንዘብ እየተወዳደሩ ሲያተርፉ ለራስ፣ ሲከስሩ ለአገር ማድረግ ግን ውድድር አይባልም። በአገራችን ቋንቋ ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም።

አራተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች «የአክሲዮን ኩባንያ ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው፤ ይህ የንግድ ሕግ መሠረት ነው» ይሉኛል። ይሁን። የተወሰነ ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም። ባለቤቱ ካስገባው ካፒታል በላይ አይጠየቅም ማለት ነው፤ ያስገባው ካፒታል ባዶ ከሆነስ? ወሰኑ ዜሮ ሆነ! ባንክ ያለ ካፒታል ፈቃድ አይሰጠውም፤ የሰው ገንዘብ ይይዛልና። እነዚህም የሰው ገንዘብ ይዘዋል። ደግሞ አንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ኩባንያ በመያዣ ሲያበድር ይገኛል። ኩባንያው ሲፈርስ ባለመያዣው ከፊት ይሰለፋል። ይኸ በሕግ የተከለከለ ስላይደለ ሌባ ብዬ አልሳደብም። ግን ሕጉ ራሱ ምን ዓይነት ሕግ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ስለ ባልብ ሳላነሣ አላልፍም። 1.5 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች የነበሩት ይህ ኩባንያ በኖቬምበር 2021 ሲወድቅ፣ ለሌላ ሻጭ ለማስረከብ እጅግ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በልዩ የአስተዳደር ሥርዓት ሥር ገብቶ መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ሲያኖረው ቆየ፤ ለመነሻ ብቻ 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተመደበለት። በዲሴምበር 2022 ወደ ኦክቶፐስ ተዛወረ። በኋላ የጋዝ ዋጋ ሲወርድ የመጨረሻው ኪሳራ የተፈራውን ያህል አልሆነም። ወዳጄ «አየህ!» ማለትህ አይቀርም። አላየሁም። ዋጋው ባይወርድስ ኖሮ? ዕድል ዋስ አይሆንም።

ተቆጣጣሪው ከዚያ ወዲህ አልተኛም፤ ይህንንም ልመስክር። ለታዳሽ ኃይል የተሰበሰበው ገንዘብ ለብቻው እንዲጠበቅ አዘዘ። ሻጮች ለእያንዳንዱ ኤሌክትሪክና ጋዝ ለሚወስድ ደንበኛ 115 ፓውንድ ካፒታል እንዲኖራቸው ግብ አድርጎ ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብንልም፣ ጨርሶ ካለመጮህ ይሻላል። ነገር ግን ዋናውን ነገር፣ ደንበኛው አስቀድሞ የከፈለውን ገንዘብ ሁሉም ሻጭ ሳይነካ ለብቻው እንዲያስቀምጥ፣ በሁሉም ላይ ግዴታ አላደረገውም፤ የደከመ ሻጭ ሲያይ ብቻ ለማዘዝ ሥልጣኑን በእጁ ያዘ። የደከመ መሆኑ የሚታወቀው መቼ ነው? ብዙ ጊዜ ከወደቀ በኋላ።

«ትችቱ በዛ፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ብትሉኝ፣ እነሆ የእኔ ተራ።

ደንበኛው አስቀድሞ የከፈለው ገንዘብ የደንበኛው ነው። ኩባንያው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ለብቻው ይቀመጥ። ኪሳራ ሲመጣ ፊተኛው ከፋይ ባለቤቱ ይሁን። ባለቤቱ ወይም ወላጅ ኩባንያው ያበደረው ገንዘብ በመያዣ ቢሆንም ከሰልፉ መጨረሻ ይቁም። ከዚያ የሚተርፈውን ሻጮቹ ራሳቸው በደህናው ዘመን፣ እንደ አደጋቸው መጠን ባዋጡት ፈንድ ይሸፈን። «መዋጮውንም ከደንበኛው ላይ ይወስዱታል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ከፊሉን ይወስዱታል። ግን ጎተራው ባዶ የሆነው ብዙ ስለሚያዋጣ ዋጋው አስቀድሞ ከፍ ይልና አደጋው በዋጋው ላይ ይታያል፤ ጠንቃቃው ትንሽ ያዋጣል። ዛሬ ግን ጠንቃቃውና ግድ የለሹ አንድ ሒሳብ ነው የሚደርሳቸው። ይህም ሁሉ ካልበቃና መዓቱ ከሁሉ አቅም በላይ ከሆነ፣ የአገር መዓት ነውና አገር ይሸከመው፤ በግብር፣ እንደ ገቢው መጠን። በየቤቱ በር ላይ እኩል በሚቆጠር ቋሚ ክፍያ ግን አይሁን! ዕድራችን እንኳ የሌለውን ሰው ሁኔታ ያያል።

«ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ጣጣ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። እኛ ዘንድ ሻጩ መንግሥት ራሱ ስለ ሆነ፣ ሃያ ዘጠኝ ሱቅ ሲዘጋ አናይም። ጥያቄው ግን እኛም ቤት አለ። የኃይል መሥሪያ ቤታችን ለግድብና ለመስመር ከባንክ የተበደረው ዕዳ ተጠራቅሞ፣ ብዙው በ2021 ለተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተላለፈ። ታሪፉም ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ፣ እንደገናም ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ግድብ መሥራትና የሰው ገንዘብ ይዞ መነገድ አንድ አይደሉም፤ አላመሳስላቸውም። የማመሳስለው ጥያቄውን ነው። ዕዳው ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላ መዝገብ ሲዛወር፣ መጨረሻ ላይ በማን ቆጣሪ ላይ ይቆማል? በትንሹ ተጠቃሚና በትልቁ ተጠቃሚ መካከል ልዩነት ማድረግ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ደግሞ አንርሳ፤ ከዚህ ግቢ የምንወጣው እኛ ነን ነገ ፈቃድ ሰጪ፣ ደንብ አርቃቂ፣ ሒሳብ መርማሪ የምንሆነው። ያን ጊዜ አንድ ብልጥ ነጋዴ፣ በእጁ ውብ ወረቀት፣ በአፉ «ውድድር» የሚል ቃል ይዞ ጠረጴዛችን ፊት ይቆማል። ዘመናዊ ላለመባል ፈርተን እንፈርምለት ይሆን? ወይስ እናቶቻችን ዕቁብ ቤት የሚጠይቁትን አንዷን ጥያቄ እንጠይቀው?

ወዳጄ፣ በጽሑፍህ ተቆጥቻለሁ እንጂ በአንተ አልተቀየምሁም። መልስ ካለህ የሚቀጥለው እትም ክፍት ነው። ስትመጣ ግን ዋስህን ይዘህ ና።